የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጸሎት

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ለብዙ ወራት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃ ነበር። የሚቀሰቅሰኝ ሰው የለም። ዓይኔ ብቻ ቦግ ይላል። ከዚያ እስኪነጋ ጣራ ማየት ነው።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ሌሊት እንደኔ ጣራ ላይ ለሚያፈጥ ሰው ነው። ሰባኪ አይደለሁም፤ የነገረ መለኮት ትምህርትም የለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ተራ አማኝ ነኝ። ሰላም እንዴት እንዳገኘሁ ሲጠይቁኝ ለመመለስ እቸገራለሁ፤ የጠበቅሁት በር ተዘግቶ ባልጠበቅሁት ነው የገባው።

ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙት ገና በወጣትነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ኑሯችን ሁሉ በኩላሊት እጥበት ዙሪያ ሆነ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል። ደሙ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ይጣራል፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። እኔ አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እሱ አንዳንዴ ይተኛል፣ አንዳንዴ በእኔ ላይ ይቀልዳል።

ያላየ ሰው ከባዱ መርፌው ይመስለዋል። መርፌውንስ ለምዶት ነበር። ያሰቃየው የነበረው ጥም ነው። ኩላሊት ካልሠራ የተጠጣው ውሃ መውጫ የለውም። ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል። ስለዚህ ውሃ በልክ ነው። ወንድሜ የበረዶ ቁራጭ አፉ ውስጥ ያገላብጥ ነበር። «አንድ ቀን አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ግጥም አድርጌ ነው የምሞተው» ይላል እየሳቀ። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ቤት ስንገባ ግን ውሃ የምጠጣው ተደብቄ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ድምፅ ሳላሰማ።

ኩላሊቴን ልሰጠው ተመረመርኩ። በእነዚያ የመጠበቂያ ቀናት የጸለይኩትን ያህል በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ይግጠም»። አልገጠመም። ጸሎቱን ቀየርኩ፤ ሌላ ሰጪ ይገኝ አልኩ። አልተገኘም። ጾምኩ። የሚያውቁን ሁሉ ጾሙ፣ ጸለዩ። አንድ ማለዳ ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ መጣ። ብዙዎቹ አንድ ቃል ይዘው ነው የመጡት፦ «ለበጎ ነው»። ክፋት አልነበራቸውም፤ እኔም ለሌሎች ስንቴ ብየዋለሁ። የሚነገረው ለእኔ ሲሆን ግን እንደ ድንጋይ ወደቀብኝ። የወጣት ልጅ ሞት ለማን በጎ? በጥም የተቃጠለ ሰው ሞት ለምን በጎ? አንድ ሰው ደግሞ ጎተት አድርጎ ጥግ ወሰደኝና፣ እምነታችን ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይድን እንደነበር ነገረኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ዝም ያልኩ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ከታሪኬ ወጣ ልበልና ያቺን ቃል ትንሽ ልከራከራት። ብዙ ሰው ላይ ጉዳት ስታደርስ አይቻለሁ። «ለበጎ ነው» የምንለው ከሮሜ ምዕራፍ 8 ቁጥር 28 ላይ ወስደን ነው። ቦታውን ከፍታችሁ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ አንብቡ። ቁጥር 26 ላይ መንፈስ ራሱ «በማይነገር መቃተት» ይማልድልናል ይላል። ከዚያም ከፍ ሲል ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንዳለች ሴት ያቃስታል። ያ ምዕራፍ የተሞላው በመቃተት ነው! ጳውሎስ የሆነው ነገር ሁሉ በራሱ መልካም ነው አላለም። እግዚአብሔር ከክፉውም ነገር መልካም ማውጣት ይችላል ማለትና ክፉውን መልካም ብሎ መጥራት ይለያያሉ። ሞትን መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠራው ጠላት ብሎ ነው። እምነት ቢኖር ኖሮ ለሚሉት ደግሞ ጳውሎስ ራሱ አለ። የሥጋውን መውጊያ እንዲያነሣለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልተነሣም፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። የጳውሎስን እምነት ትንሽ ነበር የሚል ይምጣ።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ ማሰብ አልቻልኩም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር መጸለይ ማቆም ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም። ከሰው ጋር እዘምራለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ እወጣለሁ። ውስጤ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ኩርፊያ ላይ ነበር። ስለ እሱ አስባለሁ፤ እሱን ግን አላናግረውም። ልክ ተጣልተው አንድ ቤት እንደሚኖሩ ሰዎች።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። በየሳምንቱ ይመጡና ይቀመጣሉ። ምንም አይሉም። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ግራ ያጋባኝ ነበር። በኋላ የኢዮብን መጽሐፍ ሳነብ የኢዮብ ጓደኞች መጀመሪያ ያደረጉትን አየሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው ነገር የተበላሸው። እማማ ያን ሰባት ቀን ወደ ሁለት ወር አራዘሙት።

አንድ ቀን ታዲያ ድንገት፣ «ከሱ ጋር ተጣልተሻል አይደል?» አሉኝ።

ከማን ጋር ብዬ አልጠየቅሁም። ማልቀስ ጀመርኩ። የተቋጠረውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እግዚአብሔር ጨካኝ ነው አልኩ። ጸሎታችንን የት ወረወረው አልኩ። ለሌላው የሚሰጠውን ለእኛ ለምን ነፈገን አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ለራሱ ለምን አትነግሪውም?»

«እንዴት ብዬ ነው እንዲህ እያልኩ የምጸልየው?»

«ባለቤቱ በሌለበት ስታወሪው ሐሜት ነው። ፊቱ ቀርበሽ ስታወሪው አቤቱታ ነው። ሐሜትን ይጠላል እንጂ አቤቱታን መቼ ጠልቶ ያውቃል? አቤቱ ብለሽ ጀምሪና ያለሽን ንገሪው።»

እሳቸው ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ይህን የነገሩኝ በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አንስተውት አያውቁም።

ያቺ ንግግር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። «አቤቱ» የጸሎት ቃል እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። «አቤቱታ» ደግሞ የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ነው። ሁለቱ ቃላት እንዲህ የሥጋ ዘመድ እንደሚመስሉ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አቤት የሚል ሰው የሚሰማው አለ ብሎ ያመነ ሰው ነው። ኩርፊያዬ ያልገባኝ እዚህ ላይ ነበር። ትልቁ ችግሬ በእግዚአብሔር መናደዴ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ችግሩ ንዴቴን ይዤ ዞር ማለቴ ነው።

በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አቤቱ» አልኩ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣልኝም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ወጣ፦ «ውሃ እንኳ ለምን ከለከልከው?»

ያቺው ናት። ብርሃን አልበራም፣ ድምፅ አልሰማሁም፣ ሰላምም ልቤን አልሞላውም። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ የባሰ ነው ያለቀስኩት። ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አናገርኩት። በማግስቱም ቀጠልኩ። በሚቀጥለውም።

መዝሙረ ዳዊትን የከፈትኩት ቃል ሲያጥረኝ ነው። እስከዚያ የማውቀው ስለ እረኛውና ስለ ለምለሙ መስክ የሚናገሩትን ነበር። ከ150ዎቹ መዝሙራት መካከል ስንቱ ለቅሶና ሙግት እንደሆነ አላውቅም ነበር። መዝሙር 13 ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና «እስከ መቼ» የሚለውን ይደጋግመዋል። እኔ አፍሬ ያልተናገርኩትን አንድ ሰው በዜማ አድርጎ ለምእመናን ሰጥቶታል። መዝሙር 88 ደግሞ የባሰ ነው። ሌሎቹ የለቅሶ መዝሙራት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይሄኛው አይዞርም። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል «ጨለማ» ነው። በቃ፣ እዚያው ያልቃል። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ዛሬ በምስጋና መጨረስ ያልቻለ ሰውም መጽሐፉ ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው። (ስትፈልጉ አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ይላል፤ 88ቱ 87፣ 13ቱ 12 ሆኖ ይገኛል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ስፈልገው አድሬያለሁ።)

ከሁሉ የነካኝ ግን መዝሙር 22 ነው። «አምላኬ አምላኬ» ብሎ ለምን ተውኸኝ ይላል። ይህ ኢየሱስ በመስቀል ላይ የጮኸው ነው ብዬ ወደ ማቴዎስ 27 ሄድኩ። ስንት ጊዜ አንብቤው ልብ ያላልኩትን ያኔ አየሁት፦ «በዘጠኝ ሰዓትም ኢየሱስ» ይላል። በዘጠኝ ሰዓት! የእሱ ዘጠኝ ሰዓት የቀን ነው፤ የእኔ የሌሊት። ግን እንደዚያ ወንጌል ጸሐፊ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጨለማ ነበር። ቀን በቀን ጨለማ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእግዚአብሔር ልጅ ለምን ብሎ ጮኸ።

ወደ መዝሙሩ ተመለስኩ። ትንሽ ዝቅ ሲል የሚሰቃየው ሰው ምላሱ ከጉሮሮው ጋር መጣበቁን ይናገራል። ዮሐንስ ደግሞ በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ማለቱን ጽፏል። መጽሐፉን ዘጋሁት። በረዶ አፉ ውስጥ የሚያገላብጠው ወንድሜ ትዝ አለኝ። «ውሃ እንኳ ለምን ከለከልከው?» ላልኩት ጥያቄ መልስ አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። ግን ጥያቄውን ያቀረብኩት ጥም ለማያውቅ አምላክ አይደለም። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ግድግዳው ላይ የተከፈተ መስኮት ነበር።

መስኮት ተከፈተ ማለት ሌሊቱ ነጋ ማለት አይደለም። ሰውነቴ ተጎድቶ ነበር። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድም፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቃል። አንዳንዴ ባልነጋ እላለሁ። አንድ ነገር በጊዜ ባውቀው ኖሮ ብዬ የምቆጨው ይህን ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ያን ጊዜ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ ተኛ። ከዚያ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። እንደገና ተኛ። እንደገና አበላውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» አለው። ኤልያስ ከአምላኩ ጋር የተነጋገረው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። እኔ ግን ደክሞኝ መተኛትን እንደ መንፈሳዊ ውድቀት እቆጥረው ነበር።

በአምስተኛው ወር ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ። አንዳንድ ሰው «ጸሎት አይበቃም ወይ?» አለኝ። ወንድሜ እየጸለየ ነበር ኩላሊቱን የሚታጠበው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ያለው አልነበረም። የእኔ ልብ ከኩላሊት በምን ያንሳል? ባልነጋ የሚለው ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትያዙት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩት፤ ወደ ሐኪም አብሯችሁ ይሂድ። ኤልያስም «ይበቃኛል» ያለው ብቻውን ሲሆን ነው፤ ብላቴናውን ወደ ኋላ ትቶት ነበር።

ሰላሙ መቼ መጣ? ቀኑን አላውቀውም። ብዙ ሰው ሰላም ሲመጣ እንደ ማዕበል የሚያጥለቀልቅ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምጠብቀው። ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4 ላይ ጳውሎስ «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም» ልባችሁን ይጠብቃል ይላል። ይህን የጻፈው በእስራት ላይ ሆኖ ነው፤ በዚያው ደብዳቤ ስለ እስራቱ ይናገራል። «ይጠብቃል» የሚለው የግሪኩ ቃል ወታደር ከተማን ሲጠብቅ የሚባለው ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ ሰላም ያለኝ ሥዕል ተቀየረ። ወታደር በር ላይ የሚቆመው ሌባ ስላለ ነው። ኀዘኑ ውጭ አለ፤ ያንኳኳል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። ቤቱን ግን አይወርስም።

መምጣቱን ያወቅሁበትን ቀን ግን ልንገራችሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠምቶኝ ውሃ ቀዳሁ። ቆሜ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። ብርጭቆውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። በሩን አልዘጋሁም። አልተደበቅሁም። ከጠጣሁ በኋላም ሳላስበው «ተመስገን» ብያለሁ። ደንግጬ ቆምኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ያ ለቅሶ ግን እንደ ሌሊቶቹ ለቅሶ አልነበረም።

ስለ ተስፋም እንዲሁ ነው። ወንድሜን እንደገና እንደማየው አምናለሁ፤ ይህ እምነት ባይኖረኝ ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም። ግን የትንሣኤ ተስፋ ኀዘንን ይከለክላል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው። አትዘኑ አላለም። ኢየሱስም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ራእይ ምዕራፍ 7 ላይ ስለ ዳኑት የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «ከእንግዲህም ወዲህ አይራቡም፥ ከእንግዲህም ወዲህ አይጠሙም»። ሌላው ሰው መንግሥተ ሰማያትን በወርቅና በዕንቁ ያስባታል። እኔ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚታየኝ።

እንዴት ልጀምር ለሚል ሰው ያለኝ ምክር ብዙ አይደለም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሩ። ያማረ ጸሎት አትፈልጉ። ቃል ካጣችሁ ከመዝሙራቱ አንዱን ተዋሱ፤ እኔ ለሦስት ሳምንት ከመዝሙር 13 ሌላ አልጸለይኩም። አንዳንድ ሌሊት የማርቆስ 9ኙን አባት ቃል ብቻ ነበር የምለው፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። የልጁን መዳን ሲለምን እንኳ ግማሽ ልብ ነበር የነበረው፤ ግማሽ ልቡን ይዞ መጣ፣ ተሰማ። ስለ ሩቁ አታስቡ። ጌታም ያስተማረን የዕለቱን እንድንለምን ነው። በተረፈ ዝም ብሎ አጠገባችሁ መቀመጥ የሚችል አንድ ሰው ፈልጉ። አስተያየት የሚሰጥ ሞልቷል።

በቅርቡ አንዲት የማውቃት ልጅ እናቷ ሞተችባት። ሄድኩ። ፊቷን ሳየው፣ ማመን ያቅታችኋል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው «ለበጎ ነው» የሚለው ነበር። እኔው ራሴ! ዋጥኩትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ ስለ ምንም አላወራንም። ስወጣ ሌሊት ከነቃች እንድትጽፍልኝ ነገርኳት።

ከአራት ቀን በኋላ ስልኬ ብልጭ አለ። «ነቅተሻል?» ይላል። ሰዓቱን አየሁት። ዘጠኝ ከአሥር።

«ነቅቻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።